ሐረማያ፦ ድርሻው ያልተጻፈ ሐይቅ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ከጨረሰ በኋላ አዴሌን አልፎ ሐረማያ ይደርሳል። ሐይቁ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። ይኸው ሐይቅ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከአሥር ዓመት በላይ ከብት የሚሰማራበት፣ አትክልት የሚተከልበት ሜዳ ሆኖ ቆየ። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. አካባቢ ዝናቡ ሲበረታ ውሃው ተመለሰ።

ሲደርቅ ብዙ ተጽፏል፤ ሲመለስም ብዙ ፎቶ ተለጥፏል። ደስታው የእኔም ነው። ሐረር ያደገ ሰው ያንን ውሃ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ግን ዝናብ የመለሰውን ሐይቅ ሰው ካልጠበቀው እንደገና ይሄዳል። እኔ እንደሚገባኝ ሐረማያ የደረቀው ሰው ስለበዛ ወይም ጫት ስለተተከለ ብቻ አይደለም። ከሐይቁ በዓመት በጠቅላላው ስንት ይወሰድ የሚለው ተወስኖ አያውቅም ነበር። ከዚያ ውስጥ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነም አልተጻፈም። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለዚህ ነው።

ውሃውን ማን ይጠጣው ነበር

ሐይቁ በዛሬው አከፋፈል ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ነው፤ ማለትም ኦሮሚያ። ለአሥርት ዓመታት ውሃውን በቧንቧ ወስዳ የምትጠጣው ሐረር ደግሞ የሐረሪ ክልል ናት። የሐረማያ ከተማም፣ አወዳይም፣ ዩኒቨርሲቲውም ውሃ የሚፈልጉት ከዚያው አካባቢ ነው። ዳር ዳሩን ያለው ገበሬ ጫት፣ ድንች፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ሽንኩርት ያጠጣበታል። ከብቱም ይጠጣል።

ጥልቀቱ በደህናው ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አጋማሽ፣ 8 ሜትር ገደማ ነበር። ይህ ብዙ አይደለም። የአካባቢው ዝናብ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ፀሐይ ከሐይቁ ላይ የምታተነው ከዚህ በግልጽ ይበልጣል። ልዩነቱን የሚሞላው ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ሐይቁ ከመጀመሪያውም ለጥቂት የሚተርፍ ሒሳብ ነበረው ማለት ነው።

ኮረብታው ሲራቆት ጎርፉ ውሃ ብቻ ይዞ አልመጣም። አፈርም ይዞ መጣ። አፈሩ ታች ተኛ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሐይቅ በደለል ሲሞላ ስፋቱ ወዲያው አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ጥልቀቱ ነው። ፀሐይ ደግሞ የምታተነው በስፋቱ ልክ ነው። ስለዚህ 8 ሜትር ሳለ አንድ ሜትር ቢተን ስምንተኛው ሄደ ማለት ነው። 3 ሜትር ሲቀር ያው አንድ ሜትር ሲሶውን ይወስዳል። ከዳር ሲታይ ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው፤ ውስጡ ግን አልቋል። ለዚህም ነው የመጨረሻዎቹ ዓመታት ለብዙ ሰው ድንገት የመጡ የመሰሉት።

ሞተሩ

ገበሬውን ከመውቀስ በፊት ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል። በዚህ አካባቢ የብዙው ገበሬ መሬት ከአንድ ሄክታር በጣም ያነሰ ነው። በዚያ ላይ በቆሎና ማሽላ ብቻ ዘርቶ ቤተሰብ ማኖር ይከብዳል። ጫት ግን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል። በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት ወራት፣ ውሃ አጠጥቶ ለምለም ቅጠል ያወጣ ሰው ጥሩ ዋጋ ያገኛል፤ ያኔ ገበያ ላይ ጫት ጥቂት ነውና። ቅጠሉ ሳይጠወልግ አወዳይ መድረስ አለበት። ከአወዳይ ደግሞ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ አገር ይከንፋል። አንድ ሞተር ገዝቶ ሐይቁ ዳር ማቆም ለገበሬው የልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የሕክምና ገንዘብ ነበር።

ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። ገበሬው ፓምፑን ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ድንጋይ ወይም እንጨት አስደግፎ ያስቀምጠዋል። ጫፉ ወንፊት ያለው ወፍራም ጎማ ውሃው ውስጥ ይገባል። በሌላው በኩል ረጅም ቱቦ እስከ ማሳው ይዘረጋል። ውሃው ሲሸሽ ጎማው ጭቃ መሳብ ይጀምራል። ያኔ ሞተሩን አንስቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ቱቦ ይጨምራል። እንደገና ሲሸሽ ቦይ ይቆፍራል፣ ከመካከል ወዳለበት ውሃ ይስባል። ያ ሳይበቃ ሲቀር በደረቀው ወለል ላይ ጉድጓድ ይቆፍርና ከታች ያወጣል። ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል። በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ቢያቆም ሌላው ይወስደዋል እንጂ ለሐይቁ አይተርፍም።

መጠኑን ለማሰብ ያህል፦ በሰከንድ 10 ሊትር የሚስብ አንድ ፓምፕ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 288,000 ሊትር ያወጣል። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 14,400 ጀሪካን ነው። አንድ ሞተር፣ አንድ ቀን። ሐይቁን ዙሪያውን ስንት ሞተር ይከበው እንደነበር የሚናገር መዝገብ ግን አልነበረም። ፈቃድ ሳይኖር መዝገብ ከየት ይመጣል?

ሕግ አልነበረም ወይ

ነበረ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ይቀድማል ብሎም ደንግጓል። ይህ የመጨረሻው ቃል ብቻ በተግባር ቢውል ሐረር ባልተጠማች ነበር።

ነገር ግን አዋጁ ፈቃድ የማይጠየቅባቸውን ነገሮችም ዘርዝሯል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አንዱ ነው። ባህላዊ መስኖ ሌላው ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ አባቶቹ በቦይ ሲያጠጡ የኖሩትን ገበሬ ቢሮ ለቢሮ ማንከራተት ተገቢ አይደለም። ሆኖም በናፍጣ ሞተር የሚያጠጣ ሰው ባህላዊ መስኖ ነው ወይስ አይደለም? እኔ እንደማነበው አይደለም። በተግባር ግን በዚያች ቀዳዳ ሁሉም አለፈ። ትንሽ ማሳ፣ ትንሽ ሞተር፣ ምን ጉዳት አለው ተባለ። አንድ ለአንድ ሲታይ እውነትም ጉዳት የለውም።

ከዚያ በላይ ደግሞ ፈራሚው ማን ይሁን የሚለው ነበር። ሐይቁ ያለበት አስተዳደር ውሃው እንዲቆጠብ ቢያዝዝ ኪሳራው በራሱ ገበሬ ላይ ነው፤ ጥቅሙ የሌላ ክልል ከተማ ነው። የሐረር ውሃ ሥራ ደግሞ ሐይቁ ዳር ማጣሪያ ይኑረው እንጂ ገበሬውን አቁም የማለት ሥልጣን የለውም። የተፋሰስ ምክር ቤቶችን የሚያቋቁመው አዋጅ ቁጥር 534 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ሐይቁ ከደረቀ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ሐረር ስትጠማ

ስለዚህ ዘመን አጭር አድርጌ ነው የምጽፈው፤ የኖረበት ሰው ያውቀዋል። ቢጫ ጀሪካን በገመድ ተያይዞ ተራ ይይዛል፤ ባለቤቱ ቤት ሄዶ ይመለሳል። ጀጎል ውስጥ ጠባቡ መተላለፊያ ቦቴ አያስገባም፣ ስለዚህ አህያ አራት ጀሪካን ጭና በር ለበር ትዞራለች። ቅድሚያ የሚሰጠው ለመጠጥና ለወጥ ነው፤ ልብስ ማጠብ ቀጠሮ ይያዝለታል። በሠርግ እና በለቅሶ ጊዜ የአፎቻው፣ ማለትም የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር፣ ሰዎች ከምግቡ ቀድመው የሚያስቡት ውሃውን ነው። ሮቶ ያለው ቤት ሀብታም ይባላል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ይህንን መናገር ካልቻልን ስለ ውሃ አናውራ።

መፍትሔው ከታች መጣ። በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ በድሬዳዋ ዙሪያ ካለው ቆላ የከርሰ ምድር ውሃ ተቆፍሮ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መስመር ወደ ሐረር እንዲገፋ ተደረገ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። መሃል ላይ ያለው ተራራ ከሁለቱም ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሊትር በመብራት ኃይል ተገፍቶ ነው ዳገት የሚወጣው። መብራት ሲሄድ ውሃም ይሄዳል። በፊት ከቅርብ የሚመጣ ውሃ ነበረን፤ አሁን ከሩቅ፣ በውድ፣ በሌላ አስተዳደር መሬት ላይ አልፎ ይመጣል። ሐረማያን የማጣት ዋጋ በየወሩ የሚከፈል የመብራት ሒሳብ ሆነ።

አንድ ሩቅ ምሳሌ

እኛ የባሕር በር የሌለን ሰዎች ነን። ሆኖም አንድ ውሃ ለብዙ ሰው ድርሻ የማከፋፈልን ነገር የባሕር ዳር አገሮች ከእኛ በፊት ኖረውበታል። ኦይስተር የሚባል፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ አለ። በባሕር ሰላጤ ውስጥ ይረባል። የሚመገበው ውሃውን እያጣራ ነው። ስለዚህ የአንዱ አርቢ ኦይስተር የሚበላው ከሁሉም አርቢ የጋራ ውሃ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የባሕሩ ወለል የመንግሥት ነው፤ አርቢው ለተወሰኑ ዓመታት ቦታ ይከራያል፣ ቦታውም በችካል ይታወቃል። የሚያምር አሠራር ነው።

ግን ማረን ኦሌሮን በተባለው ትልቁ የኦይስተር ሰላጤ የሆነውን ስሙ። እያንዳንዱ አርቢ ቦታው ተለክቶ፣ ወረቀቱ በእጁ ነበር። በጠቅላላው ስንት ኦይስተር ሰላጤው ይችላል የሚለውን ግን ማንም አልያዘውም። ሁሉም በየቦታው ላይ እየጨመረ ሄደ። ምግቡ አነሰ፤ ኦይስተሩ ለገበያ እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ ረዘመ። ከዚያ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በሽታ መጥቶ ፖርቱጋላዊ የሚባለውን ዝርያ ጨረሰው። በሽታውን መጨናነቁ አመጣው አልልም። የተጨናነቀውና የደከመው ሰላጤ ግን የሚደገፍበት አልነበረውም። ከጃፓንና ከካናዳ ሌላ ዝርያ አስመጥተው ነው የተነሱት።

አርካሾን በተባለው ሌላ ሰላጤ ደግሞ ጥፋቱ ከኪራይ ቦታው ውጭ መጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የኦይስተር ጫጩት አልያዝ አለ። ምክንያቱ ሲጣራ በመዝናኛ ጀልባዎች ሆድ ላይ የሚቀባ መርዛማ ቀለም ሆኖ ተገኘ። ፈረንሳይ በ1982 እ.ኤ.አ. ቀለሙን ከ25 ሜትር በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ ከለከለች፤ ሰላጤውም አገገመ። አርቢው የፈለገውን ያህል ቦታውን ቢጠብቅ ጀልባውን ማቆም አይችልም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ሮድ አይላንድ የሚባል ትንሽ ግዛት ይህን ዓይነት ነገር አስቀድሞ ያሰበ ይመስላል። በባሕር ዳር ኩሬዎቹ ላይ ለእርባታ የሚከራየው ቦታ ከኩሬው ስፋት 5 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። መጀመሪያ ጣሪያው ተወሰነ፤ ድርሻ የሚከፋፈለው ከጣሪያው በታች ነው።

ለሐረማያ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ለየገበሬው የፈቃድ ወረቀት ማደል ብቻውን ሐይቅ አያድንም፤ ጣሪያው ይቀድማል። ጣሪያው ደግሞ ሐይቁ ዳር ላይ ብቻ አይቆምም።

አሁን ምን ይደረግ

ጣሪያው በሊትር ባይሆን ይሻላል ባይ ነኝ። ዝናቡ በየዓመቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ የሊትር ቁጥር በድርቅ ዓመት ባዶ ቃል ነው። የሚሻለው ሐይቁ ውስጥ የሚቆም፣ ሁሉም የሚያየው የከፍታ መለኪያ ነው። ውሃው ከላይኛው ምልክት በላይ ሲሆን ፈቃድ ያለው ሁሉ ያጠጣ። ከዚያ ሲወርድ በተራ ይሁን። ከታችኛው ምልክት ሲደርስ ከሰውና ከከብት መጠጥ በቀር ሞተር ይቁም። ይህ ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በብዙ አካባቢያችን ቦይ ላይ ተራ የሚያስጠብቅ፣ የውሃ አባት የሚባል ሰው አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኝ ፈቅዷል። መለኪያውን የሚያነብ፣ ተራ የሚያወጣ፣ ክፍያ የሚሰበስብ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

ፈቃዱ ሐይቁ ውስጥ የገባውን ጎማ ብቻ ከቆጠረ ግን ከንቱ ነው። ከሐይቁ ጠርዝ ጥቂት ሜትር ርቆ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚያወጣው ያንኑ ውሃ ነው፤ ከመሬት በታች የተያያዘ ነውና። ዳሩ ላይ ሞተር ተከልክሎ ጉድጓድ ዝም ከተባለ በሁለት በጋ ውስጥ ሞተሩ ሁሉ ወደ ጉድጓድ ይዛወራል። በእጅ የተቆፈረ ነው፣ ሕጉ ይፈቅድልኛል ይባላል። ስለዚህ ሐይቁን የሚከብ ክልል ተለክቶ፣ በዚያ ውስጥ በሞተር የሚወጣ ውሃ ከየትም ይውጣ ከየት መመዝገብ አለበት።

ኮረብታው ሌላው ነው። እርከኑ፣ ችግኙ፣ ከንክኪ ነፃ የሆነው ተዳፋት ለሐይቁ የሚከፈል ግብር ነው ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲውና ነዋሪው እዚህ ላይ የሠሩት ሥራ ክብር ይገባዋል። ግን ላይ ያለው ገበሬ እርከን ሠርቶ፣ ታች ያለው በዚያ ውሃ ጫት ሸጦ የሚበለጽግ ከሆነ እርከኑ አይበረክትም። ታች የሚሰበሰበው የውሃ ክፍያ በከፊል ላይ ላለው ሰው መሄድ አለበት። ይህ ነጥብ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል፤ እኔ ግን ያለዚህ ነገሩ ይቆማል ብዬ አላምንም።

ሐረርና ድሬዳዋስ? አሁን ሐረር ዋና ውሃዋን ከሐይቁ ስለማትወስድ ጉዳዩ አይመለከተኝም ልትል ትችላለች። ልክ አይደለም። ድሬዳዋ ራሷ የምትኖረው በከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ሳቢያን ላይ ያሉት ጉድጓዶች ከተማዋን ለዘመናት አጠጥተዋል። አሁን በዚያው ቆላ ላይ የድሬዳዋ ሕዝብ፣ ፋብሪካዎቿ፣ ሐረር፣ መንገድ ላይ ያሉት ከተሞች ሁሉ ተደርበዋል። ሐይቅ ሲሸሽ ቢያንስ ዳሩ ይታያል። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ውሃ ሲወርድ ግን የሚያየው ፓምፑን የሚጠግነው ሰው ብቻ ነው። ሦስቱ አስተዳደሮች፣ ኦሮሚያ፣ ሐረሪና ድሬዳዋ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥን ሐይቁ ላይ ካልተለማመዱት ጉድጓዱ ላይ ከየት ያመጡታል?

ከሁሉ ፊት መፈታት ያለበት የወለሉ መሬት ጉዳይ ነው። ሐይቁ በደረቀባቸው ዓመታት ወለሉ ላይ ያረሱ ሰዎች ነበሩ። ውሃው ሲመለስ ማሳቸው ሰጠመ። ለከተማው የምሥራች የሆነው ነገር ለእነሱ ኪሳራ ነው። ሐይቁ ቢሸሽ የሚጠቀሙ ሰዎች ዳሩ ላይ ተቀምጠው ጣሪያ ይከበራል ማለት ራስን ማታለል ነው። የእኔ ሐሳብ፣ ያረሱት መሬት በሰፈሩ ሽማግሌዎችና በቀበሌው ፊት ይጣራ፤ ከወለሉ የወጡት ሰዎች ደግሞ በላይኛው ማሳቸው ላይ የማጠጣት ፈቃድ ሲሰጥ ከተራው መጀመሪያ ይቁሙ። ላይ መሬት የሌላቸው ካሉ በማኅበሩ ውስጥ ሥራ ይሰጣቸው፤ መለኪያ ማንበብ፣ ተራ ማስጠበቅ፣ ጀልባ ማንቀሳቀስ። ቆጠራው የሚጀመርበት ጊዜም ግልጽ ነው፦ ሞተሮቹ በሙሉ ከየቤቱ የሚወጡት ከጥር እስከ መጋቢት ነው። በእነዚያ ወራት ዙሪያውን ሄዶ ሞተሩን፣ ጉድጓዱንና ማሳውን የሚመዘግብ፣ ከወረዳው፣ ከዩኒቨርሲቲውና ከገበሬዎቹ የተውጣጣ ቡድን በሚቀጥለው በጋ ሥራ ይጀምር።